ከ75 ዓመት በኋላ መሪ

እሷ፦ ቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ፣ ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ.። የ87 ዓመት አዛውንት ፍሬን የያዙ መስሏቸው ነዳጅ ሰጡ። መንገድ በብስክሌት ሲያቋርጡ የነበሩ እናትና የ3 ዓመት ልጇ ሞቱ። ይህን እያወቅን እንዴት ዝም እንላለን?

እሱ፦ ያሳዝናል፣ በጣም። ግን ሽበት ያለውን ሾፌር ሁሉ አንኮንን። ሌላውን አብዝተው ለአደጋ የሚያጋልጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ አዛውንቱ ሲጋጩ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው፣ አጥንታቸው አይችልማ።

እሷ፦ አዛውንቶቹም ሰው ናቸው እኮ! ዓይን ይደክማል፣ እግር ይዘገያል። ጃፓን ከ75 ዓመት ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የማስታወስ ችሎታ ትፈትናለች፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከባድ ጥፋት የተመዘገበበትን ሾፌር መሪ አስይዛ ታየዋለች። ትክክል ነው እላለሁ።

እሱ፦ ፈተናውን እኔም እደግፋለሁ። የምቃወመው በዕድሜ ብቻ መንጠቅን ነው። አውቶቡስ በቀረበት ገጠር ቁልፋቸውን ያስረከቡ እናት ሐኪም ቤት በምን ይሂዱ?

እሷ፦ መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው ለመለሱ የአውቶቡስና የታክሲ ቅናሽ የሚሰጡ ከተሞች አሉ።

እሱ፦ ቅናሹ አውቶቡስ ላለበት ነው። መጀመሪያ አውቶቡሱ ይምጣ።