ተማሪ ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን በቤት እንዴት ይማሩ?

ለገጠር እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ ልናነጋግራችሁ የመጣነው እንደ ወትሮው ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ምንጭ ውሃ ብቻ አይደለም። ወረርሽኝ ገብቶ ተማሪ ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ትንንሽ ልጆቻችን ከበሽታው ተጠብቀው፣ ትምህርታቸውን ሳይረሱ፣ ከመምህራቸውና ከጓደኞቻቸውም ሳይቆራረጡ በቤት የሚቆዩበትን መንገድ ልንነግራችሁ ነው። «ተማሪ ቤቱ እኮ ተከፍቷል፤ ታዲያ አሁን ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፣ ነገሩን በደህናው ቀን ማወቅ የሚገባ ነው።

ያለፈው ጊዜ ምን አስተማረን?

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው የፈጀውን በሽታ ሽማግሌዎች «የኅዳር በሽታ» ሲሉ ያወሱታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድም ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ኮሮና መጣ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ማለት መጋቢት 7 ቀን፣ ተማሪ ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነበር። ነገር ግን በሽታው ስለ በረታ ቀኑ ወር ሆነ፤ ወሩም ተጨማምሮ ሰባት ወር ያህል ሆነ። በተራ በተራ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከክፍላቸው ርቀው ቆዩ።

መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን እንዲሰጥ አደረገ። በከተማ ያሉ አንዳንድ ልጆች በስልክ ከመምህራቸው ጋር ይገናኙ ነበር። በገጠር ግን ሬዲዮ የሌለበት ቤት ብዙ ነው፤ ሬዲዮ ያለበትም ቤት የባትሪ ድንጋዩ ያልቅበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ ማለፉን አስታወቀ። በሽታው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሌላ ወረርሽኝም አይመጣም ብሎ የሚምል ሐኪም የለም።

ተማሪ ቤት የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ኮሮናና የመሳሰሉት የሳንባ በሽታዎች የሚመጡት በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ተዋሲያን ነው። የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር፣ ሲዘፍንም ተዋሲያኑ ከትንፋሹ ጋር ይወጣሉ። ስልሳ ልጅ በአንድ ጠባብ ክፍል ተፋፍጎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ሲስበው በሽታው ቶሎ ይዛመታል። ልጁ ራሱ ብዙ ላይታመም ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ቤት ይዞት ገብቶ አያቱን ይጥላል። የሚዘጋውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ወይም በደጅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ከተዘጋ ቤት ይሻላል። ሁለተኛ፣ እጅ መታጠብ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ መራራቅና አየር ማግኘትም ያስፈልጋል።

አንድ ክፍል ሳይበተን እንዴት ቆየ?

የሥራ ባልደረቦቻችን በአንዲት የገጠር ቀበሌ ያዩትን እንንገራችሁ። የሦስተኛ ክፍል መምህር ነው። ተማሪ ቤቱ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ጎጥ በእግሩ ዞረ፤ ሬዲዮ ያለበትን ቤት ጠየቀ፤ ልጆቹንም አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት አድርጎ በየጎጣቸው ደለደላቸው። ሬዲዮው ከቤት ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል፤ ልጆቹም አንዱ ከሌላው ሁለት እርምጃ ርቀው በየድንጋያቸው ይቀመጣሉ። ያንዱ ጎጥ ልጅ ወደ ሌላው ጎጥ አይሄድም።

ከተማሪ ቤቱ ደጅ የተሰቀለች፣ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የተሠራች ደወል ነበረች። መምህሩ በየጧቱ በ2 ሰዓት መደወሉን አልተወም። ተማሪ የለ፣ ክፍል የለ፣ ደወሉ ግን ይደወላል። በየኮረብታው ያሉ ልጆችም ድምፁን ሲሰሙ «ተጀመረ!» እያሉ ደብተራቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። እናቶችም በዚያው ሰዓት ልጅን ወደ ውሃ ወይም ወደ እንጨት መላክ ያፍሩ ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ለማስፈጨት የሚሄድ ሰው የጎጡን ልጆች ደብተር ሰብስቦ ወፍጮ ቤት ያደርሳል፤ መምህሩ ከዚያ ወስዶ ያርማል፤ በሳምንቱ ይመልሳል። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በሌላ ጎጥ ላለ ጓደኛው ሦስት መስመር ደብዳቤ እንዲጽፍ ታዘዘ። «ላማችን ወለደች። አንተስ እንዴት ነህ? ማባዛቱ አስቸግሮኛል» የሚል ዓይነት ነው። መምህሩ አንብቦ ለባለቤቱ ያደርሳል። እንዲህ እያደረጉ ሳይተያዩ አንድ ክፍል ሆነው ቆዩ።

ታዲያ የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ምን ላይ ታየ? ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ የአንዲት ልጅ ደብተር ቀረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ «አሟት ይሆናል» ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ ግን የደብዳቤ ጓደኛዋ «ለምን አልጻፈችልኝም?» ብላ ጠየቀች። መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው ወደ ቤቷ ሄዱ። ለካ ልጅቷ ልትዳር ድግስ እየተጠነሰሰ ኖሯል! ጌሾው ተወቅጧል፤ የሰርጉ ቀን ተቆርጧል። አባትየው «ተማሪ ቤቱ ከተዘጋ ምን ትሠራለች ብለን ነው» አሉ። ሁለቱ ሰዎች ሳይቆጡ፣ ቁጭ ብለው አስረዱ፤ ሽማግሌም ተጨመረ። ድግሱ ቀረ፤ ልጅቷም በጥቅምት ከጓደኞቿ ጋር ተመለሰች። ከዚያው ክፍል አንድ ወንድ ልጅ ግን ለከብት እረኝነት ወደ ሩቅ አገር ተቀጥሮ ሄዶ ነበርና፣ ሳይደረስበት ቀረ። የእርሱ ወንበር ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ ደወሉም፣ ደብተሩም፣ ደብዳቤውም የሚያስፈልጉት ለማባዛትና ለማካፈል ብቻ አይደለም። የጠፋውን ልጅ ቶሎ ለማወቅም ነው።

በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1ኛ. ለልጁ የመማሪያ ሥፍራ ለዩለት። ትልቅ ነገር አያስፈልግም። በበሩ ወይም በመስኮቱ አጠገብ ብርሃን የሚያገኝ አንድ መደብ ይበቃል። ከምድጃ ይራቅ፤ ጭስ ዓይንን ያቃጥላል፣ ለሕፃናትም የሳንባ ምች ያመጣል። ከብትና ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ በመካከል ክፈሉ፤ ጧት ጧትም አዛባውን አውጡ። ማታ በኩራዝ ማንበብ ጭሱም አደጋውም ብዙ ነውና፣ ትምህርቱ በቀን ይሁን። ደብተሩን አይጥና እርጥበት እንዳያበላሹት በከረጢት አድርጋችሁ ከግድግዳ ላይ ስቀሉት።

2ኛ. የእጅ መታጠቢያ ሥሩ። አንድ ትንሽ ጄሪካን ውሰዱ። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከታች በኩል ብሱት፤ በቀጭን እንጨትም ወትፉት። ከደጃፉ እንጨት ላይ እሰሩት። እንጨቱ ሲነቀል ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አንድ ጣሳ ውሃ ለብዙ ሰው ይበቃል። አጠገቡ ሳሙና አኑሩ። ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ የምድጃ አመድ ይተካል። ልጁ እጁን በሳሙና እያሸ ከሀ እስከ ሐ ያሉትን ሦስት የፊደል መስመሮች ቀስ ብሎ ይቁጠር፤ ሃያ አንድ ፊደል ናቸው። ቆጥሮ ሲጨርስ እጁ ጸዳ ማለት ነው፤ ፊደሉንም አልረሳም። ከመብላቱ በፊት፣ ከመጸዳጃ ሲመለስ፣ ከብት ነክቶ ደብተር ከመያዙ በፊት ይታጠብ። እናንተም ምግብ ከመሥራታችሁ በፊትና ሕፃን ካጸዳችሁ በኋላ እንዲሁ አድርጉ።

3ኛ. ፊቱን አሳጥቡት። ፊቱ ያልታጠበ ልጅ ዝንብ ይወረዋል፤ ዝንቡም የትራኮማን በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን ያመላልሳል። ተማሪ ቤት የሚሄድ ልጅ ለጓደኛው አፍሮ ይታጠባል፤ ቤት ሲውል ግን ይዘነጋዋል። ስለዚህ «ዛሬ የትም አትሄድም» ብላችሁ አትተዉት። ደወል እንደ ተደወለ ፊቱን ታጥቦ ይቀመጥ።

4ኛ. ሰዓት ስጡት። ልጅ በቤት ሲውል ሥራው ሁሉ በእርሱ ላይ ይከመራል፤ በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ሕፃን ማዘሉ ለእርሷ ነው። ልጅ አይሥራ አንልም፤ ሥራም ትምህርት ነው። ነገር ግን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ ማንም አይንካባት። ወንድሟም በተራው ውሃ ይቅዳ፤ እንስራው አይሰብረውም!

5ኛ. «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ምን አስተምራለሁ?» አትበሉ። ልጁን ጠይቁት፦ «ዛሬ ምን ተማርህ? እስቲ አንብብልኝ።» እናቱ ስትሰማው ልጅ ይበረታል። ሽምብራ አውጥታችሁ አስቆጥሩት፤ አስደምሩት፤ አስቀንሱት። እንጀራ ስትቆርሱ ግማሽና ሩብ ምን እንደ ሆነ አሳዩት። ስንት ቁና አንድ ዳውላ እንደሚሞላ እርሱ ያስላላችሁ። ማታ ተረትና እንቆቅልሽ ንገሩት፤ በማግሥቱ ያንኑ ተረት በደብተሩ ይጻፈው። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው፤ አንድ ሳንቲምም አያስወጣም።

6ኛ. ከመምህሩና ከጓደኞቹ አታቋርጡት። ሬዲዮ ያለው ለጎረቤቱ ያውጣ፤ የባትሪውን ዋጋ ግን ሁላችሁ ተካፈሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ስልክ ያለው አባት በሳምንት አንድ ጊዜ ልጆቹን ከመምህሩ ጋር ያነጋግር። ደብተር የሚያደርስ ሰው ይመረጥ። የአንዱ ልጅ ደብተር ሲቀር «ለምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ይሁን።

7ኛ. የታመመውን ለዩ። ልጁ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ካለበት ከጓደኞቹ ጋር አይቀመጥ። ሬዲዮውን ከሩቅ ይስማ፤ ደብተሩም ይጠብቀው። ፈሳሽ በብዛት ስጡት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ «ነገ እናያለን» ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ማንም ልጅ ስለ ታመመ አይሰደብ፤ የተሰደበ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፣ የተደበቀ ሕመምም ቤቱን ሁሉ ይጨርሳል።

ተማሪ ቤት ሲከፈት

ብዙ ልጆች የሚጠፉት ተማሪ ቤት በሚዘጋበት ቀን አይደለም፤ በሚከፈትበት ቀን ነው። «አሁንማ ካለፈው ረስቷል፤ እርሻውን ይልመድ» ይባላል። ሴቷን ደግሞ «ደርሳለች» ይሏታል። እናቶች ሆይ፣ በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ገና አካሏ ሳይጸና የምታረግዝ ልጅ በምጥ ትሠቃያለች፤ በረጅም ምጥ ምክንያት ፊስቱላ ይዟት፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከሰው ተለይታ የምትኖር ስንት አለች! ይህን በጤና ጣቢያችን ደጅ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው። ስለዚህ የተከፈተ ዕለት ወንዱንም ሴቷንም አጥባችሁ፣ ልብሳቸውን አጽድታችሁ፣ ደብተራቸውን አሲዛችሁ ላኩ። የረሱትን መምህሩ ያስታውሳቸዋል፤ ያልተመለሰውን ልጅ ግን ማስተማር አይቻልም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ እንድገመው። አየር ያለበት ሥፍራ፣ የታጠበ እጅና ፊት፣ የተከበረ የትምህርት ሰዓት፣ የማይቋረጥ ደብተር፣ የሚጠይቅ ጎረቤት፤ እነዚህ አምስቱ ካሉ ተማሪ ቤት ቢዘጋም ትምህርት አይዘጋም። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ጄሪካኗን በስታችሁ ከደጃፉ ስቀሉ፤ ልጆቹንም ሦስቱን መስመር እያስቆጠራችሁ አስጀምሯቸው። የቀረውን በየተራ ትደርሱበታላችሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም እኛን ጠይቁ፤ ለዚሁ ነው የተቀመጥነው።

ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ።