ወጥመድን የሚከለክል ሕግና ወጥመድን የሚፈትሽ ሰው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ዛሬ የምንናገርለት አገር ስኮትላንድ ነው፤ አብዛኞቻችን አላየነውም። የመረጥነውም አገሩን ለማድነቅ አይደለም። የሕዝብ አስተያየት እንዴት ሕግ እንደሚሆን፥ ሕጉም ከወጣ በኋላ ገና ምን እንደሚጐድለው ስለሚያስተምረን ነው።

ክርክሩ የተነሣው ስለ አሽክላ ነው። አሽክላው በአውሬ መሄጃ ላይ የሚዘረጋ የሽቦ ሸምቀቆ ነው። በዚያ አገር ባለጠጎች ግራውስ የምትባለውን ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑባቸው ሰፋፊ የተራራ መሬቶች አሉ። የመሬቶቹ ጠባቂዎች ቀበሮ ወፏን እንዳይጨርስ፥ ገበሬዎችም ግልገሎቻቸውን እንዳይበላ አሽክላ ይዘረጉ ነበር። ሽቦ ግን አይመርጥም። ለቀበሮ የተዘረጋው ባጀር የሚባለውን በሕግ የተጠበቀ አውሬ፥ አልፎ አልፎም የሰው ድመትና ውሻ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ነገሩን በደንብ ለማስተካከል ሞከረ። ጠማጁ ሥልጠና እንዲወስድ፥ በያንዳንዱ አሽክላ ላይ መለያ ቁጥር እንዲያደርግ፥ ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ እንዲጎበኘው አዘዘ። ተቃዋሚዎች ግን፥ በሽቦ ተይዞ ለሚያድር እንስሳ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መቼ አጭር ሆነ አሉ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የስኮትላንድ መንግሥት ለሕዝቡ ሁለት ጥያቄ አቀረበ። አንደኛው፥ አሽክላ ፈጽሞ ይከልከል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የእንስሳት መከላከያ ማኅበር ተቆጣጣሪዎች ሥልጣን ይስፋ ወይ? የሚል ነው።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አስተያየት መስጠት ቀላል ነው። የተያዘውን እንስሳ ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ያዝናል። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1839 የተቋቋመ፥ በሕዝብ መዋጮ የሚኖር የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ተቆጣጣሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት በሕይወት ያለ እንስሳ በወጥመድ ተይዞ ሲሠቃይ ቢያገኙ ማዳንና ማስረጃውን መያዝ ይችሉ ነበር። ከዚያው አጠገብ ሌላ ሕገ ወጥ ወጥመድ ባዶውን ወይም የሞተ እንስሳ እንደ ያዘ ቢያዩት ግን ያንን ማስረጃ አድርገው ለመውሰድ ሥልጣን አልነበራቸውም። ፖሊስ እስኪደርስ ደግሞ በዚያ ሩቅ ተራራ ላይ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። እንስሳው በሕይወት ሳለ የሚሠራ፥ ሲሞት ግን የሚቆም ሥልጣን ነበር ማለት ነው።

ሆኖም የተቃወሙትን ሰዎች ቃል ንቀን አናልፍም። አሽክላ ይቅር ብሎ የሚከራከር ማኅበር የሌላውን መሬት ፈታሽ ሲሆን ከሳሽነትና መርማሪነት በአንድ እጅ አይገቡም ወይ? ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ሕግ ለምንማር ሁሉ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2024 ሕጉን ሲያጸድቅ ሁለቱንም ተቀበለ። የአሽክላው ክልከላ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ጸና። የተቆጣጣሪዎቹ ሥልጣን ግን ልክ ተበጀለት። ሥልጣኑን የሚይዘው ተገቢውን ሥልጠና አግኝቶ ሚኒስትሮች የፈቀዱለት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ በዱር አራዊት ላይ የሚፈጸመውን ወንጀል በዋናነት የሚመረምረውም እንደ ቀድሞው ፖሊስ ነው።

እኛ ይህን መንገድ እንደግፋለን። ምክንያታችንም ይኸው ነው፤ የሚመለከተው ሰው የሌለው ክልከላ ወረቀት ነው፤ ልክ የሌለው ተመልካችም ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ሕዝብ «ይከልከል» ብሎ እጁን ሲያወጣ «ማን ይፈትሽ? ፈታሹንስ ማን ይጠይቀው?» ብሎ ካልጨመረ አስተያየቱን በግማሽ ብቻ ሰጥቷል።

በአገራችንም አሽክላና ወስፈንጥር ለገጠር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ጃርት ድንቹን፥ ከርከሮ በቆሎውን የሚያጠፋበት ገበሬ ወጥመድ የሚያጠምደው ከጭካኔ ተነሥቶ አይደለም። ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ የግብርና ባለሙያ፥ አንዳንዱ የእንስሳት ሐኪም፥ አንዳንዱም ዳኛ ሆኖ በዚያ ገበሬ ፊት ይቆማል። በከተማ አዳራሽ ተቀምጦ ማዘን ዋጋ አያስከፍልም። የክልከላው ዋጋ የሚወድቀው በእርሱ ማሳ ላይ ነው። እንግዲህ አስተያየት ስንሰበስብ ከእርሱ እንጀምር፤ ሰብሉን በምን እንደሚጠብቅም አብረን እንምከርበት። ያን ጊዜ የሚወጣው ሕግ ፈታሽ ብቻ ሳይሆን ጠባቂም ያገኛል፤ ጠባቂውም ገበሬው ራሱ ይሆናል።