መድኃኒቱ ከበሽተኛው ከወጣ በኋላ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ስለሚያዘው፣ በሽተኛውም ስለሚውጠው መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከበሽተኛው ወጥቶ፣ ከቁስሉም ታጥቦ፣ ከፍሳሽ ጋር ስለሚሄድበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሚከተል ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን በድሬዳዋ ከተማ፣ በደቻቱ ዳር ቆመን ልንከተለው አስበናል።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ፣ ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ አሸዋ ጫኙ አሸዋውን ይዝቅበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በደጋው ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉን የከተማው ሰው አይረሳውም። እንግዲህ ደቻቱ ሁለት ጠባይ አለው ማለት ነው፤ ለብዙ ወራት የተጣለበትን ይይዛል፤ በአንድ ሌሊት ደግሞ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። በኋላ ስለምንመለስበት ይህን ሁለት ጠባይ ያዙልን።

አሁን ስለ መድኃኒቱ እንናገር። ናኖሜትር የሚባለው መለኪያ 1 ሜትር ለ1 ቢሊዮን ቢካፈል የሚደርሰው እጅ ነው። የአንድ ጠጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርሱትን ደቃቅ ነገሮች ሊቃውንቱ የናኖ ቅንጣት ይሏቸዋል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በመተማና በሑመራ ቆላ ሠራተኛውን ለሚያጠቃው ለካላዛር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለለው አምፎተሪሲን፣ የናኖ መድኃኒት ነው። በኮሮና ጊዜ በአገራችን ከተሰጡት ክትባቶች የፋይዘሩ የተሠራው በስብ የናኖ ቅንጣት ነው። የብር ቅንጣት ያለበት የቃጠሎ ቁስል ፋሻም ከዚሁ ወገን ነው፤ ብር ስንልም የኪሱን ሳይሆን የማዕድኑን ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ይሆናል። የስቡ ቅንጣት በሰውነት ውስጥ ይፈርሳልና እርሱ ራሱ ብዙም አያሠጋም። ብርን የመሰለ ማዕድን ግን መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ከፋሻው ታጥቦ ወደ ፍሳሹ ይገባል፤ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ይከብዳል፤ ከአተላው ጋር ይዘቅጣል፤ ወይም ቀስ በቀስ እየሟሟ ተሐዋስያንን ይገድላል። ፋሻው ላይ የተደረገውም ተሐዋስያንን እንዲገድል ነውና፣ ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ ጠባዩን ይተዋል ብለን መጠበቅ የዋህነት ነው።

ምናልባት አንዳንዶች፣ «ይህ ቅንጣት ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ይሉ ይሆናል። መልሱን በካናዳ፣ በኦንታርዮ፣ ለሙከራ ብቻ ከተለዩ ሐይቆች እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ሊቃውንቱ በእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ ያለውን ሆርሞን ከአንዱ ሐይቅ ጨመሩ። መጠኑ በ1 ሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ጠባይ አመጡ፤ የአንዱም ዓሣ ዘር በሐይቁ ውስጥ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። በዚያው አካባቢ በሌላ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2014ና በ2015 የብር የናኖ ቅንጣት ቢጨመርበት፣ ብሩ በዓሦቹ ሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ስለዚህ ትንሽነት ብቻውን የንጽሕና ማስረጃ አይሆንም።

በእኛም አገር ቢሆን ይህ ዓይነቱ ምርመራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። በሽታውን የሚያዛምተው ይኸው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩ ታላቅ የምሥራች ነበር። ልብ በሉ፤ ዶክተር አክሊሉ የተመለከቱት የልብሱን መንጣት ሳይሆን እጣቢው ካለፈ በኋላ በታች የሆነውን ነው። ወዲያውም ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣንስ አይገድልምን? ሲመረመርም እንዶድ ዓሣን እንደሚጎዳ፣ ነገር ግን በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ እንደሚጠፋ ታወቀ። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ድርጅቶች እዚህ የተሠራው ምርመራ ደረጃውን አልጠበቀም፣ እንደ ገና ይሠራ በማለታቸው ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ቀንድ አውጣው ከታየ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወደ ታች ወርዶ ማየት ነው። ሁለተኛው፣ የራሱን ምርመራ በሚታመን ሥርዓት ያልሠራ አገር ሁልጊዜ የሌላውን ፍርድ ሲጠብቅ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ዛሬ በዓለም የሚሠራባቸው የመመርመሪያ ደንቦች አሉ። አልጌ የተባለው አረንጓዴ የውኃ ተክል በ72 ሰዓት፣ ዳፍኒያ የተባለችው የውኃ ቁንጫ በ48 ሰዓት፣ ዓሣም በ96 ሰዓት ይፈተናሉ። እነዚህ ደንቦች በብዙ ድካም የተሠሩ ናቸውና አንንቃቸውም። ነገር ግን የተሠሩት ወንዛቸው ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ አገሮች ነው። ማስረጃችንን በሒሳብ እናሳያችሁ።

የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን 200 ሊትር ፍሳሽ እንደሚያወጣ፣ ያም ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ 10 እጥፍ እንደሚቀጥን፣ ከ100 ሰው አንዱም መድኃኒቱን እንደሚወስድ አድርጎ ማስላትን ደነገገ። ውጤቱ በ1 ሊትር 0.01 ማይክሮግራም ከደረሰ መድኃኒቱ በሕያዋን ላይ ይመረመራል። ለምሳሌ በሽተኛው በቀን 100 ሚሊግራም ቢወስድና ሁሉም ቢወጣ፣ የ100 ሰው ፍሳሽ 20,000 ሊትር፣ በወንዙ ሲቀጥን 200,000 ሊትር ይሆናልና፣ በ1 ሊትር 0.5 ማይክሮግራም ይደርሳል። አሁን ይህንኑ ሒሳብ ወደ ደቻቱ እናምጣው። ውኃ በችግር በሚቀዳበት ሰፈር አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ያወጣል ብንል፣ የ100 ሰው ፍሳሽ 4,000 ሊትር ነው። የሚያቀጥነው ወንዝስ? በበጋ የለም። ስለዚህ በ1 ሊትር 25 ማይክሮግራም ይሆናል። ይህም 50 እጥፍ ነው! መድኃኒቱ ያው፣ በሽተኛው ያው፤ የተለወጠው የፍሳሹ መጠንና ወንዙ ነው።

ከሒሳቡም በቀር ሌላ ልዩነት አለ። የውኃ ቁንጫዋ የምትፈተነው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሆነ ውኃ ነው፤ የድሬዳዋን ሙቀት ግን ለእናንተ መንገር አያሻንም። ፈተናው የሚሠራው በንጹሕ ውኃ ነው፤ በእውነተኛ ፍሳሽ ውስጥ ግን ቅንጣቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በቆሻሻ ይሸፈናል፣ ብሩም በድኝ ተይዞ መርዝነቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የላቦራቶሪው ፈተና አንዳንድ ጊዜ ጉዳቱን አሳንሶ፣ አንዳንድ ጊዜም አጋንኖ ሊያሳየን ይችላል። የምንፈልገው ሰውን ማስፈራራት ሳይሆን እውነቱን ማወቅ ነውና ሁለቱንም መናገር ይገባናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚጠጣው ውኃ ነገር ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ነው፤ ከታወቁትም የጉድጓድ ቦታዎች አንዱ ሳቢያን ነው። አብዛኛው ቤት ደግሞ የሚጠቀመው በመሬት በተቆፈረ መጸዳጃ ነው። በከተማው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ናይትሬት በዝቶ መገኘቱን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የፈቀደው ወሰን በ1 ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ናይትሬት የሚመጣው በአመዛኙ ከመጸዳጃ ነውና ምስክርነቱ ግልጽ ነው፤ በላይ የፈሰሰው ከታች ይደርሳል። ናይትሬት የሚሟሟ ስለሆነ ከውኃው ጋር ይሮጣል። የናኖ ቅንጣቱንስ አሸዋው ያስቀረዋል ወይስ ያሳልፈዋል? ካስቀረውስ ጎርፍ በመጣ ሌሊት ጠርጎ በሰሜን ወደ ሽኒሌ ሜዳ፣ ወደ አርብቶ አደሩ ከብት ይወስደዋልን? የደቻቱ ሁለት ጠባይ ያልናችሁ ይህ ነው። የ48 ሰዓቱ ፈተና ይህን አይመልስም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለሙከራ የምንሰጠው ሐይቅ የለንም፤ ነገር ግን አሸዋ አለን። ከደቻቱ የተዘገነ አሸዋ በረጅም ቱቦ ይሞላ። ከላይ እውነተኛ ፍሳሽ ይፍሰስበት፤ ለአንዱ ቱቦ የብር የናኖ ቅንጣት፣ ለሁለተኛው በውኃ የሟሟ የብር ጨው ይጨመርበት፤ ሦስተኛው ምንም ሳይጨመርበት ይቅር። ጉዳት ቢታይ ከቅንጣቱ ይሁን ከሟሟው ብር ወይም ከፍሳሹ ከራሱ የምንለየው በዚህ ብቻ ነው። ከታች የሚንጠባጠበው ይለካ። ለወራት እየረጠበና እየደረቀ ይቆይ፤ ከዚያም እንደ ጎርፍ ብዙ ውኃ ባንድ ጊዜ ይለቀቅበትና የሚወጣው እንደ ገና ይለካ። በወጣው ውኃ አልጌና የውኃ ቁንጫ፣ እንዲሁም የሽንኩርት ሥር ይፈተኑበት፤ የሽንኩርት ሥር ምርመራ በብዙ አገር የሚሠራበት፣ ወጪውም ቀላል የሆነ ነው። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን ጥቂት ብር የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው። ነገር ግን የኬሚስትሪው፣ የባዮሎጂው፣ የፋርማሲውና የውኃ ምሕንድስናው ክፍል በየበሩ ተዘግቶ ከሚቀመጥ ናሙናውን አብሮ ቢይዝና መሣሪያ ካለበት ቢልክ የማይቻል አይሆንም። ሥራውም ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ ሥርዓት ይመዝገብ፤ የእንዶድ ታሪክ እንዳይደገምብን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ይህን ሰምቶ ከሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት የሚጥል ቢኖር ንግግራችንን አልሰማውም ማለት ነው። በካላዛር የተያዘ ሰው ካልታከመ ይሞታል፤ የተቃጠለ ሕፃንም ፋሻ ያስፈልገዋል። ጥያቄያችን መድኃኒቱ ይቅር የሚል ሳይሆን፣ የዳነው ሰው ነገ የሚጠጣው ውኃ ምን ይሆን የሚል ነው። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብለዋል። የእኛ ጥሩ ውኃ ያለው ከአሸዋው ሥር ነው። ጎርፉ ሳይቀድመን ቆፍረን እንመርምረው።