«መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይሆንም

የጣቢያችን አዘጋጆች፣ ቴክኒሽያኖችና በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራ ውላችሁ፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ተነሥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ዘፈን ፈቃድና ስለ ማሳሰቢያ ጽሑፍ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣው ብዙ የኦንላይን ሬዲዮ አዘጋጅ አንዱን በሌላው ሲተካ ስለማይ ነው።

«የዘፈኖቹ መብት የባለቤቶቹ ነው፤ ያቀረብነው ለማስተዋወቅ ብቻ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚጽፉት ሰዎች ቅን ናቸው። ነገር ግን ይህ ዐረፍተ ነገር ፈቃድ አይሰጥም፤ እንዲያውም ዘፈኑ የሌላ ሰው መሆኑን እያወቅን እንዳሰማን በራሳችን እጅ የጻፍነው ምስክርነት ነው። በአሜሪካ ሕግ በወቅቱ ለተመዘገበ አንድ ሥራ ፍርድ ቤት ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል። ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ይደርሳል። ትርፍ አለማግኘታችን ብቻውን አያድነንም።

አንድ ዘፈን በአየር ላይ ሲውል ሁለት መብት አብሮ ይወጣል። አንዱ የግጥሙና የዜማው ነው፤ ሌላው ስቱዲዮ ገብቶ የተቀረጸው ድምፅ ነው። እዚህ አሜሪካ የኤፍኤም ጣቢያ የሚከፍለው ለግጥምና ለዜማው ብቻ ነው። እኛ በኢንተርኔት የምናሰራጭ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1998 በወጡት ሕጎች ምክንያት ለሁለቱም እንከፍላለን። የግጥምና የዜማውን ፈቃድ አስካፕ፣ ቢኤምአይ፣ ሴሳክና ጂኤምአር የተባሉት ድርጅቶች ይሰጣሉ። የቀረጻውን ክፍያ የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 በነበረው ተመን የአንድ ጣቢያ ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያ 1,000 ዶላር ነበር። ለንግድ ጣቢያ በ2025 አንድ ሰው አንድ ዘፈን በሰማ ቁጥር 0.0025 ዶላር ይታሰብ ነበር። አንድ መቶ አድማጭ በሰዓት አሥራ ሁለት ዘፈን ቢሰማ ሦስት ዶላር ማለት ነው። ተመኑ በየአምስት ዓመቱ ስለሚከለስ ሒሳብ ያዣችን በየጊዜው ያጣራ።

ይህ ገንዘብ የት ይደርሳል? ሳውንድኤክስቼንጅ ከሚያከፋፍለው ግማሹ ለቀረጻው ባለቤት፣ 45 በመቶው በቀጥታ ለድምፃዊው፣ 5 በመቶው ለአጃቢ ሙዚቀኞች ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ታዲያ ክፍያው ብቻ አይደለም፤ ስላሰማናቸው ዘፈኖች የምንልከው ዝርዝርም ነው። የእኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አይጻፍም። የጥላሁን ገሠሠን ስም እንኳ በተለያየ አጻጻፍ እናገኘዋለን። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚወስደው መዝገብ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል። አንዳንዴም ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ሆኖ ይደርሰናል። ስሙ ካልተለየ የከፈልነው ገንዘብ ባለቤቱን ሳያገኝ ይቀራል። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ተጽፎ እናነብ ነበር። እኛ ግን በማይክሮፎን የምንጠራው ድምፃዊውን ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ዘፈን ይህ ትልቅ በደል ነው፤ ምክንያቱም ግጥሙን የጻፈውና ዜማውን ያወጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። ድምፃዊው ራሱ ዘፈኑን በቴሌግራም ልኮልን «አጫውቱልኝ» ይለናል። ደስ ይላል፤ ግን እሱ የሚፈቅደው የራሱን ድርሻ ነው። ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲና ያሳተመው ሰው በጽሑፍ ካልተስማሙ ወይም መብታቸው በያዝነው ፈቃድ ካልተሸፈነ የእሱ ቃል አይበቃም።

አንዳንዶች ደግሞ ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ዓለም አቀፍ የደራሲ መብት ውል ከሆነው ከበርን ስምምነት ውጭ ስለቆየች የአገራችን ዘፈን በአሜሪካ ነፃ ነው ይላሉ። ክርክሩ መነሻ የለውም አልልም፤ በእሱ መደገፍ ግን አደገኛ ነው። እዚህ አገር በሚኖር ደራሲ የተሠራ ወይም ሌላ አገር በወጣ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመ ሥራ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ያገኛል። ብዙ አርቲስቶቻችን የሚኖሩት እዚሁ ነው። የዛሬ ነጠላ ዜማም የሚለቀቀው በዩቲዩብ በአንድ ቀን ለዓለም ሁሉ ነው። አገር ቤትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 የባለቤቱን መብት ያውቁለታል። ሕጉ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ በገዛ ወገናችን ላብ ላይ ልንጠቀምበት አይገባም።

የፕሮግራም አዘጋጆች ሆይ፣ ለሳውንድኤክስቼንጅ የምንከፍልበት ፈቃድ ገደብ እንዳለውም አትርሱ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አልበም ከሦስት ዘፈን በላይ፣ ከአንድ ድምፃዊ ከአራት በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ አርቲስት ሲያርፍ ቀኑን ሙሉ የእሱን ብቻ ማሰማት የምንወደው ልማድ ቢሆንም የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ዘፈን ያለበትን ፕሮግራም ቆርጦ ለማውረድ በሚሆን ፖድካስት ማስቀመጥም በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም። ፈቃዱ የሚሠራውም በአሜሪካ ላሉ አድማጮች ነው። ለንደን ያለው አድማጫችን ፒአርኤስና ፒፒኤል በተባሉት የእንግሊዝ የመብት ድርጅቶች ሥር ይወድቃል።

ማሳሰቢያ ታዲያ ምን ይጠቅማል? በቦታው ብዙ ይጠቅማል። «ይህ የእንግዳው አስተያየት ነው» ማለት አድማጭ የማንን ቃል እንደሚሰማ ያሳውቃል፤ የሰው ስም የሚያጠፋ ሐሰት ግን በዚህ አይታጠብም። በተለይ ቀርጸን ደግመን ስናሰማው ምርጫው የእኛ ነው። ስለ መድኃኒትና ስለ ስደተኝነት ጉዳይ ሲወራ የሚሰጠው ሐሳብ የሐኪምንና የጠበቃን ምክር እንደማይተካ እንንገር። የተከፈለበት ፕሮግራም የተከፈለበት መሆኑ በግልጽ ይነገር። እነዚህን በድረ ገጽ ግርጌ መደበቅ አይበቃም፤ እናቶቻችን ሬዲዮ የሚሰሙት ወጥ እየሠሩ ነውና በድምፅ ይነገራቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የድምፃዊው፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ስም ያልተሞላበት ዘፈን ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር አናስገባ። ስሞቹን ለማጣራት የሚቸገር አዘጋጅ ካለ እኔም አብሬው ቁጭ ብዬ እሠራለሁ።