ቋንቋ የጠፋባትን ሰው በየትኛው ቋንቋ እንጠይቃት?

(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከዶራም፣ ከነብዓም፣ ከሐምራም የመጣችሁ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ስለ በሽታ ላወራ ስለሆነ አትቀየሙኝ። ባለፈው ስለ ስትሮክ ስናነሳ አንዲት እህት «አረብኛዋ ድራሹ ጠፍቶ አማርኛዋ እንዴት ይቀራል? እያስመሰለች ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። ማዳሞቹም የሚጠይቁት እሱኑ ነው።

አፌዥያ ይባላል። በአንጎል ውስጥ ደም ሲረጋ ወይም ሲፈስ፣ ወይም ጭንቅላት በኃይል ሲመታ፣ ቋንቋ የሚሠራበት ቦታ ይጎዳል። በአብዛኛው ሰው ይህ ቦታ በግራ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅ አብሮ የሚዝለው ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ታስባለች፣ ሰው ትለያለች፣ ታፍራለች፣ ትናደዳለች። ቃሉ ግን እምቢ ይላታል፤ «ውሃ» ልትል «በር» ትላለች። የሌላ ሰው ንግግርም ሊምታታባት ይችላል። ማንበብና መጻፍም ይጎዳሉ፣ ሁልጊዜ ግን እኩል አይደለም። ደዠሪን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1892 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ሰው መጻፍ ይችላል፤ በገዛ እጁ የጻፈውን መልሶ ማንበብ ግን አይችልም ነበር። እስቲ አስቡት!

ሁለትና ሦስት ቋንቋ ያለው ሰውስ? የድሮ ሐኪሞች ተከራክረውበታል። አንዱ «በልጅነት የተማሩት ይቀድማል» አለ። ፒትር የሚባለው ደግሞ በ1895 «የለም፣ ከመታመሟ በፊት አዘውትራ ትናገረው የነበረው ነው ቀድሞ የሚመለሰው» አለ። ዛሬ የሚታወቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋዎቹ አብረው እንደሚጎዱና አብረው እንደሚመለሱ ነው። አንዳንዷ ላይ ግን አንዱ ይቀርና ሌላው ይጠፋል፤ የትኛው እንደሚቀር አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ለጠየቅሽኝ እህት፣ ማስመሰል አይደለም።

እኔ ይህን ያየሁት ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አንዲት አርመናዊት ቴታ ስጠብቅ ነው። አርመንኛ፣ አረብኛና ፈረንሳይኛ ትችል ነበር። ከስትሮኩ በኋላ «ላ፣ ላ» ብቻ ቀረቻት። ልጆቿ በአረብኛ ይጠይቋታል፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ እየመጣች በፈረንሳይኛ ካርዶች ታሠራታለች። ምንም የለም። እኔ ሳጥባት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ እያየች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፊደሉን አላውቀውም፤ (የእኛን ፊደል ስለሚመስል ግን ሁልጊዜ አተኩሬ አየዋለሁ።) ለልጇ ነገርኳት። መጀመሪያ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ግን በትልልቅ የአርመን ፊደል «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «መስኮት» ብላ ጽፋ አመጣች። ቴታ ጮክ ብላ አነበበች! ልጇ አለቀሰች። እኔ ግን ማንበቧ ብቻ አልበቃኝም፤ ድምፁን እያወጡ ትርጉሙን አለማወቅም አለ። ውሃና ዳቦ ፊቷ አስቀምጠን ወረቀቱን ስናሳያት፣ በግራ እጇ ውሃውን ነካች። ከዚያ በኋላ መጸዳጃ፣ ሕመም፣ ብርድ የሚሉ ቃላት በአርመንኛ ተጽፈው አልጋዋ አጠገብ ተሰቀሉ፤ እየጠቆመች ትነግረን ጀመር።

ወደ እኛው ልምጣ። ብዙዎቻችን አረብኛን በጆሮ ነው የተማርነው፤ እንናገራለን እንጂ አናነብም። በልጅነቷ ኦሮምኛ የተናገረች፣ በትምህርት ቤት በቁቤ ወይም በፊደል ያነበበች፣ እዚህ አረብኛ የለመደች እህት አለችን። እሷ ብትታመም በአረብኛ ብቻ ጠይቆ «ምንም አትሰማም» ማለት ግማሽ ምርመራ እንኳ አይደለም። ጽሕፈቱም ይለያያል። በአረብኛ አጫጭር አናባቢዎች ብዙ ጊዜ ስለማይጻፉ፣ ክ፣ ት፣ ብ የሚሉት ሦስት ፊደላት «ጻፈ» ወይም «መጻሕፍት» ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንባቢው ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሠላሳ ሦስት በሰባት። ስለዚህ ሙሉ ቃል በዓይን መያዝ ያቃታት ሰው አንድ አንድ ፊደል እየጠራች ልትደርስበት ትችላለች። አልሆን ካላት በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች ትሞክር፤ አንዳንዱን ዓይን ያላወቀውን እጅ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር፦ የግራ አንጎል ሲጎዳ የቀኝ በኩል እይታ ሊጠፋ ይችላል። አማርኛ ስታነብ የመስመሩ መጨረሻ ይቆረጥባታል፤ አረብኛ ብታነብ ደግሞ መጀመሪያው። በገጹ ቀኝ ዳር ቀይ መስመር አስምሩላት፤ ዓይኗ እዚያ ድረስ እንዲሄድ።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለች እህት ፊት የአረብኛ ወረቀት ይቀርባል። የደመወዝ ደረሰኝ ነው፣ ወይም ተናዙል፣ ወይም ወደ አገሯ መመለሷን የምትስማማበት። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ትፈርማለች። አፌዥያ ያለባት ሰው «አዎ» ስትል «አይ» ማለቷ ሊሆን ይችላል! ከመፈረሟ በፊት መልሷን ፈትኑት፤ በሌላ ሰው ስም «እገሊት ነሽ?» በሏት። ለዚያም «አዎ» ካለች፣ የዚያን ቀን «አዎ»ዋ አይታመንም፤ ፊርማው ይቆይ። መልሷ ከተስተካከለ ወረቀቱ በራሷ ቋንቋ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ሁለት ጊዜ ይነበብላት። አንዷ እህት በአካል ወይም በስልክ ትገኝ። የተጻፈውን ፎቶ አንሱት።

ስትሮክ ሲጀምር ደግሞ አፍ ይጣመማል፣ አንድ እጅ ይወድቃል፣ ንግግር ይኮላተፋል። 140 ቀይ መስቀል ነው፤ ወዲያው ደውሉ። ደህና ሆና ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበትን ሰዓት ያዙ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ውሃ አታጠጧት፣ ሊያንቃት ይችላል።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ካርድ አለ። በአረብኛ «በቤት የተናገርኩት ቋንቋ»፣ «የማነበው ቋንቋ»፣ «የሚደወልላት እህት» ይላል። አረብኛ የምትጽፈዋ እህታችን እስከ አሥር ሰዓት እዚሁ ናት፣ ትሞላላችኋለች። ሞልታችሁ ከኢቃማችሁ ጋር አንድ ላይ ያዙት።