ከብክነት የሚተርፈው የየቲሞች ድርሻ፦ የቤታችንን አስቤዛ በእቅድ ስለመምራት

(በልደታ ክፍለ ከተማ ለማኅበራችን ረጂዎችና የቲሞችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ፈጥሮ ለሚመግበን አላህ (ሱ.ወ.) ምስጋና ይድረሰው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው የቲምን መንከባከብ ስለሚያስገኘው ምንዳ ነው። ዛሬ ግን ስለ ወጥ ቤትና ስለ ዘንቢል፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ጤፍ ልንነጋገር መርጠናል። ጉዳዩ ተራ ቢመስልም የቲሞቻችን የዕለት ጉርስ ከዚሁ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ከንግግራችን ትረዱታላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የኑሮ ውድነቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የምግብ ዋጋ ለዓመታት ሲያሻቅብ ቆይቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም እንደ ዘይት ባሉ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ ተጨማሪ ጫና አድሯል። በዚህ ጊዜ አባወራና እማወራ ተቀምጠው ከወጪያችን ምን እንቀንስ ብለው መመካከራቸው የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበን ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው ለየቲም የሚሰጠው ወርኃዊ ድጋፍ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቤት አከራዩ በወሩ መጨረሻ በር ያንኳኳል፤ ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ይገልጣል፤ የቲሙ ግን አይመጣም። ድርሻው ቢቀር የሚጠይቅለት አባት የለውም። የሚታወቀው እናቱ ቁርሱን ስታስቀር፣ ቀጥሎም ደብተሩን መግዛት ሲያቅታት ነው።

እንግዲህ መልእክታችን አጭር ነው። ወጪ መቀነስ ግድ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው የየቲሙ ድርሻ ሳይሆን ብክነታችን ይሁን።

ሃይማኖታችን ስለ አስቤዛ ምን ያስተምረናል?

ቁርአን በአል-አዕራፍ ምዕራፍ 31ኛ አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ሲፈቅድልን፣ በዚያው አንቀጽ ማባከንን ከልክሎናል። በአል-ፉርቃን ምዕራፍ 67ኛ አንቀጽም ምእመናን ሲለግሱ በማባከንና በመሰሰት መካከል ያለውን መንገድ የሚይዙ መሆናቸውን ይገልጻል። ስለዚህ ገንዘብን በልክ መያዝ የድህነት ወይም የንፉግነት ምልክት ሳይሆን የአማኝ ጠባይ ነው።

እቅድ ማውጣትም በአላህ ላይ ከመመካት ጋር አይጋጭም። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የግብፁን ንጉሥ ሕልም በፈቱ ጊዜ ትርጓሜውን ነግረው ብቻ አላቆሙም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከሚበላው ጥቂት በቀር እህሉ ከነዛላው እንዲከማች፣ ለሰባቱ የችግር ዓመታትም እንዲተርፍ መንገዱን አመለከቱ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት፣ እናታቸውም በስድስት ዓመታቸው የሞቱባቸው ነቢይ፣ ቀለብ ተለይቶ የተቀመጠለት ቤት ለልጆች ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ጃቢርን (ረ.ዐ.) ሥጋ ይዞ ባገኙት ጊዜ ስለ ምን እንደገዛው ጠየቁት። አምሮን ነው የሚል መልስ ሲሰጣቸውም ጎረቤትንና የአጎት ልጅን እያሰቡ ፍላጎትን መግታት እንደሚገባ በማስታወስ ገሠጹት። ሥጋው ሐራም ሆኖ አልነበረም። ያማረን ሁሉ መገዛት የለበትም ለማለት ነበር። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ይህችን ጥያቄ ራሳችንን ብንጠይቅ ዘንቢላችን ምን ያህል በቀለለ!

እቅዱ ከቤት ይጀምራል

የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። ለአንድ ወር ያህል ለምግብ የወጣችውን እያንዳንዷን ብር በደብተር መጻፍ ይበቃል። ብዙዎቻችን የጤፉንና የዘይቱን ዋጋ እናስታውሳለን። ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ሱቅ ስንልክ የምትወጣውን ግን አናስታውስም። በትንሽ ፌስታል የተቋጠረች ስኳርና ቡና፣ ለለስላሳና ለብስኩት የምትወጣ ሳንቲም፣ በወሩ መጨረሻ ስትደመር የምታስደነግጥ ትሆናለች።

ሁለተኛው ሥራ የሳምንቱን ምግብ አስቀድሞ መወሰን ነው። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ሽሮ በየትኛው ቀን፣ ምስር በየትኛው፣ ጎመንና ድንች በየትኛው እንደሚሠራ መመደብ፤ ሥጋም አቅም በፈቀደ መጠን ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። ሰኞና ሐሙስን የሚጾም ቤት የኢፍጣሩንም በዚያው ያስባል። እንዲህ ሲደረግ አንዱ ለሌላው ይተርፋል። ለእራት ወጥ የተቀቀለው ምስር ከፊሉ ሳይሠራ ቢቀመጥ ለማግስቱ ሾርባ ወይም ሳንቡሳ ይሆናል፤ ከሰሉም ሁለት ጊዜ አይቃጠልም። እንጀራም በሳምንት በተወሰነ ቀን ቢጋገር አንዴ የጋለ ምጣድ ብዙ ያወጣል።

ሦስተኛው ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ጓዳን መፈተሽ ነው። በማሰሮው ሥር ሽሮ እያለ ሌላ የሚገዛበት፣ ድንቹ በጆንያ ውስጥ እየበቀለ ሌላ ድንች የሚጨመርበት ቤት ጥቂት አይደለም። የጎደለውን ብቻ ጽፎ መውጣት፣ ያልተጻፈውን አለመግዛት፣ ደግሞም ተርቦ ገበያ አለመሄድ የሚበጁ ልማዶች ናቸው።

የትና መቼ እንግዛ?

ልደታ ለመርካቶ ቅርብ በመሆኑ እህል በረንዳ ሩቅ አይደለንም። ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። አዲሱ እህል ገበያ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል ተብሎ ይጠበቃል። ስለሆነም አቅም ያለው በዚያ ወቅት ቢሸምት ይጠቀማል። ማኛ የሚገዛ ቤት በሰርገኛ ወይም በቀይ ጤፍ ቢተካው፣ ወይም ከማሽላና ከገብስ ጋር ቢያስፈጨው ከዋጋው ይቀንሳል እንጂ ከገበታው ክብር የሚጎድል የለም።

አትክልት ግን ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። አንድ ሰው ለአምስት ኪሎ ሽንኩርት እስከዚያ ቢሄድ ትርፉ ለትራንስፖርት ይወጣል። በመሆኑም ከሰፈር ጉሊት በመደብ ከመግዛት በፊት የእሁድ ገበያንና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅን ዋጋ ማነጻጸር ይበጃል። መደቡን ስንገዛም በኪሎ ስንት እንደሚመጣ እናስላ፤ ርካሽ የመሰለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ብዙ መግዛት ሁልጊዜ ቁጠባ አለመሆኑንም አንርሳ። ቲማቲም በርካሽ ተገዝቶ ግማሹ ከበሰበሰ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የሚጣለው እንጀራ

በቤታችን ከሁሉ ይበልጥ የሚባክነው ምናልባት እንጀራ ነው። በሳምንት ሁለት እንጀራ ብቻ ሻግቶ ወይም ደርቆ የሚጣልበትን ቤት እናስብ። በዓመት 104 እንጀራ ይሆናል። ለአንድ ልጅ በቀን ሁለት እንጀራ ብንቆርጥ የ52 ቀን ቀለቡ ነው። እኛ ሳናውቀው አንድ የቲም ወር ከሦስት ሳምንት ሊመገብ የሚችለውን ጥለናል ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወደቀችን ጉርሻ እንኳ አንስቶና አጽድቶ መብላትን ያስተማሩ መሆናቸውን እያወቅን ይህንን ማድረግ አይገባንም። እንጀራው ሳይሻግት ድርቆሽ ማድረግን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ልጆቻችንም ይማሩት። ሲቀርብም ጥቂት ቀርቦ ቢጨመር እንጂ ተከምሮ አይትረፍ።

ስለ ረመዳንም እናንሳ። ጾም በወሩ የምግብ ወጪያችንን ሊቀንስ ሲገባው በብዙ ቤት ይጨምራል። ሳንቡሳው፣ ሾርባው፣ ቴምሩ፣ ጭማቂው በአንድ ገበታ ተደርድሮ ግማሹ ለማግስቱ ያድራል፤ ከዚያም ይጣላል። ለኢፍጣር ሁለት ዓይነት ምግብ መርጦ ሌላውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ሰውነትንም ለተራዊሕ ያቀልላል።

የቲም ለሚያሳድጉ እናቶች

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው የሚቀነስ ነገር ላለው ቤት ነው። እዚህ የተገኛችሁ የቲም የምታሳድጉ እናቶች፣ «እኛ ከምን እንቀንስ?» ብትሉ እውነታችሁን ነው። የእናንተ ችግር ማባከን አይደለም። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ዘይቱን በትንሽ መስፈሪያ፣ በርበሬውን በቋጠሮ ስለሚገዛ ለዚያው ዕቃ ካለው ሰው የበለጠ ይከፍላል። ድኻ ሆኖ በውድ መግዛት ይሉታል ይህ ነው። ለዚህ መፍትሔው ምክር ሳይሆን መተባበር ነው።

አምስት ወይም ስድስት እናቶች ሆናችሁ በእቁብ መልክ ብትሰበሰቡ፣ ጤፉን በኩንታል ገዝቶ መካፈል፣ በርበሬውን በዛላው ገዝቶ አንድ ላይ ማስፈጨት፣ ሽንኩርቱንም በጆንያ አምጥቶ መከፋፈል ይቻላል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የምትኖሩም ማስጫና ማዘጋጃ ቦታ ቢጠባችሁ የጋራ አገልግሎት ሕንፃውን መጠቀም ትችላላችሁ። ሂሳቡን ሁላችሁ በምታዩት ደብተር ጻፉ፤ ሚዛኑም በሁላችሁ ፊት ይሁን። ቁርአን በአል-ሙጦፊፊን ምዕራፍ ሚዛን የሚያጎድሉትን በብርቱ ያስጠነቀቀው የሰው ሐቅ ከባድ ስለሆነ ነው። ከእናንተ መካከል የመነሻውን ገንዘብ ማዋጣት የማይችል ሲኖር፣ ረጂዎች አንድ ኩንታል ጤፍ በመግዛት ብታስጀምሯቸው፣ በየጊዜው ከምትሰጡት ጥቂት ብር በላይ ትጠቅሟቸዋላችሁ።

ሁለት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ ቁጠባ ንፉግነት እንዳይሆን። የምናሳድጋቸው ልጆች እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ጎመኑን ተከልክለው የሚገኝ ትርፍ ትርፍ አይባልም። እንግዳ መቀበልና ለጎረቤት ማቋደስም ከብክነት አይቆጠሩም። የሚቀነሰው የሚጣለው፣ ለታይታ የሚቀርበውና ሳይታሰብ የሚገዛው ነው።

ሁለተኛ፣ ለየቲም የሚሰጠው ከገበታ የተረፈው አይሁን። አላህ (ሱ.ወ.) በአሊ-ዒምራን ምዕራፍ 92ኛ አንቀጽ ከምንወደው እንድንለግስ አስተምሮናል። እኛም የምንለው ትራፊውን ስጡ ሳይሆን፣ ትራፊ እንዳይኖር አድርጉና ንጹሑን ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ ነው።

ለዚህም ቀላል መንገድ አለ። ዘካተል ፊጥር የሚለካበት አንድ ሷዕ በሁለት እጅ የሚታፈስ አራት እፍኝ ነው። አስቤዛ ወደ ቤት በገባ ቁጥር፣ ወደ ማሰሮ ከመጨመሩ በፊት፣ ከጤፉ ወይም ከምስሩ አንድ እፍኝ በተለየ ዕቃ ይቀመጥ። ይህ ከግዴታው ዘካ የተለየ፣ በኒያችሁ የሚሰጥ ሶደቃ ነው። ከእቅዱ የተረፈውም ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በተረፈበት ቀን በሙዳይ ይግባ፤ የቆየ ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ይፈጠርለታልና። ልጆቻችንም እፍኟን በእጃቸው ይስፈሩ። ለማን እንደምትሄድ ያወቀ ልጅ እንጀራ አይጥልም።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ ወርኃዊ ድጋፋችሁን ለማቋረጥ ያሰባችሁ ካላችሁ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ወር ብቻ ታገሡ፤ በዚያች ወር የወጪ ደብተራችሁን ጻፉ። ከዚያም የየቲሙን ድርሻ ከሚጣለው፣ ሳይታሰብ ከሚገዛውና በዱቤ ከሚወሰደው ጎን አስቀምጡና የትኛው ይሰረዝ እንደሚገባው አላህን ፈርታችሁ ፍረዱ። በእውነት የሌለው ሰው አላህ ከአቅሙ በላይ አያስገድደውም፤ ዱዓውም ይበቃናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በጥቂቱም በረካ ይጨምርበት። ገበታችንን ከብክነት፣ ልባችንን ከስስት ይጠብቅልን። አባት የሌላቸውን ልጆቻችንን በእዝነቱ ያሳድግልን፤ ለእናቶቻቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሚን።