የመረብ ዓይንና የጣና ነጭ ዓሣ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዓሣ መረብ በውሃ ውስጥ እንደ አጥር ቆሞ የሚጠብቅ ወጥመድ ነው። ዓሣው ሳያየው መጥቶ ራሱን ያስገባል፤ ገላው ግን አያልፍለትም። ልመለስ ሲል ፈትሉ ከመተንፈሻው ክዳን ሥር ገብቶ ይይዘዋል። ትንሹ ሾልኮ ያልፋል፤ እጅግ ትልቁም ራሱ ስለማይገባለት ገጭቶ ይመለሳል።

የመረቡ ዓይን የሚለካው ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ቋጠሮዎች ተስበው ሲወጠሩ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓይን ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ነውና፥ አጥብቆ የሚይዘው የገላው ዙሪያ ከዚህ ጥቂት የሚበልጠውን ዓሣ ነው። ነገር ግን 100 ሜትር መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ተሰብስቦ ቢታሰር ይረግባል፤ በዚያው ዓይን መጠኑ ልዩ ልዩ የሆነውን ዓሣ በክንፉም በአፉም ይተበትባል። ክሩ ቀጭንና የጠራ ናይሎን ሲሆንም ዓሣው አያየውም። ስለዚህ ማስመሪያ ይዞ ዓይኑን ብቻ ለክቶ የሚመለስ ሹም የሥራውን ገሚስ ትቶ መጥቷል።

በጣና ሐይቅ የሆነው ይህን ያስረዳል። በደንገል ታንኳ ይሠራበት በነበረው በዚህ ሐይቅ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና አዲስ መረብ ገባ። ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን በጣና 15 ያህል ዓይነቶች ሲኖሩ፥ አብዛኞቹ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከመካከላቸው ገሚሱ ያህል በክረምት ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹም ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል፤ ባያውቅማ ምኑን አስጋሪ ሆነ! መረቡንም በዚያው ይዘረጋል።

ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር የ1991ንና የ2001ን ዓ.ም. ሲያነጻጽሩ፥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በ75 በመቶ ቀንሰው ተገኙ፤ ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት ጫጩቶች ግን ከ90 በመቶ በላይ። ይህን የሰማ ሰው፥ «መረቡ ጠባብ ኖሮ ጫጩቶቹን ፈጃቸው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ትልልቁን የሚይዝ ሰፊ ዓይን ጣት የምታህለውን ጫጩት አያስቀራትም። ጫጩቶቹ አልተወለዱም እንጂ አልተያዙም። የተያዙት እናቶቻቸው ናቸው።

እንግዲህ ደንብ የሚያረቅ ጸሐፊ ከዓይኑ ልክ አጠገብ ወሩንና ሥፍራውን ይጻፍበት፤ ነሐሴና መስከረም፥ የወንዝ አፍ። አስጋሪው በእነዚያ ሳምንታት ልጆቹን ምን ያበላል ቢባል፥ ቀረሶ ለመራባት ወደ ወንዝ አይወጣምና ከወንዙ አፍ ርቆ በሐይቁ ውስጥ ሊያሰግረው ይችላል።